አውቶቡሱን ባዶ ያስቀሩት የቤት ሠራተኞች

ዛሬ ረዘም ያለ ታሪክ ይዤ መጥቻለሁ። ሥራ ላይ ያላችሁ አስቀምጡትና ማታ ክፍላችሁ ስትገቡ ጋደም ብላችሁ አንብቡት። ታሪኩ ስለ አንድ የአሜሪካ ከተማ የሕዝብ አውቶቡስ ነው። "የአሜሪካ አውቶቡስ ለኔ ምኔ ነው?" እንዳትሉኝ። ያን አውቶቡስ ከአንድ ዓመት በላይ ባዶውን ያስኬዱት እንደኛው የሰው ቤት የሚያጸዱ፣ የሚያበስሉ፣ የሚተኩሱ፣ የሰው ልጅ አቅፈው የሚያሳድጉ ሴቶች ናቸው። ሮዛ ፓርክስንና ማርቲን ሉተር ኪንግን ሁላችንም በስም እናውቃለን። እነዚህን ሴቶች ግን የሚጠራቸው የለም። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ አላውቃቸውም ነበር። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

ከተማዋ ሞንትጎመሪ ትባላለች፤ የአላባማ ክፍለ ግዛት ዋና ከተማ ናት። እንደ ኒውዮርክ ግዙፍ እንዳትመስላችሁ። በ1950ዎቹ አጋማሽ 120 ሺህ ገደማ ሰው ይኖርባት ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 50 ሺህ ያህሉ ጥቁር ነው። በትራንስፖርት ግን ቀደም ያለች ከተማ ነበረች። በ1886 የኤሌክትሪክ ትራም አስገብታ "የመብረቅ መስመር" የሚል ስም ወጥቶለት ነበር። ታዲያ በ1900 የከተማው ምክር ቤት በትራም ውስጥ ነጭና ጥቁር ተለያይቶ ይቀመጥ የሚል ደንብ አወጣ። ያኔም የከተማዋ ጥቁሮች አኩርፈው በእግር ሄደዋል። ብዙ ሰው የአውቶቡሱ አድማ በ1955 ከሰማይ ዱብ ያለ ይመስለዋል፤ አያቶቻቸው ግን በትራሙ ጊዜ ሞክረውት ነበር። አልተሳካም፤ መለያየቱ ጸና። በ1936 ትራሙ ቀርቶ አውቶቡስ ሲተካ ደንቡም አብሮ ወደ አውቶቡሱ ገባ።

አውቶቡሱ 36 ወንበር ነበረው። የፊተኞቹ 10 ወንበሮች የነጭ ናቸው፤ አንድም ነጭ ባይሳፈር እንኳ ጥቁር አይቀመጥባቸውም። አውቶቡሱ ከኋላ ጢም ብሎ ሞልቶ ሰው በሰው ላይ ቆሞ፣ ከፊት 10 ወንበር ባዶውን ይሄዳል። ከኋላ ያሉት ለጥቁር የተተዉ ናቸው። መሐል ያሉት ደግሞ እንደ ሾፌሩ ፈቃድ ናቸው፤ ነጭ ሲበዛ ሾፌሩ "ተነሱ" ይላል። ሲላቸው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ አይደለም የሚነሳው። አንድ ነጭ እንዲቀመጥ በዚያ ረድፍ ያሉት ጥቁሮች በሙሉ መነሳት አለባቸው፤ ምክንያቱም ከነጭ ጋር በአንድ መስመር መቀመጥ አይቻልም። የሚገርመው የ1900ው ደንብ ሌላ ባዶ ወንበር ከሌለ ማንም ሰው ወንበሩን ለመልቀቅ አይገደድም ይል ነበር። ወረቀቱ ላይ አለ፤ የሚያነበው ሾፌር ግን አልነበረም።

ከሁሉ የሚያንገበግበው የበሩ ነገር ነው። ጥቁር ተሳፋሪ በፊት በር ገብቶ ለሾፌሩ 10 ሳንቲም ይከፍልና ተመልሶ ወርዶ፣ በውጭ ዞሮ፣ በኋላ በር ይገባል። አንዳንዱ ሾፌር ታዲያ ሰውየው ወይም ሴትዮዋ ወደ ኋላ በር ሲሄዱ ጠብቆ መኪናውን ያስነሳዋል። ገንዘቡን በልቶ፣ ሰዉን መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ ማለት ነው። ዝናብ ቢሆን፣ ብርድ ቢሆን፣ ሥራ ቢረፍድ ደንታው አይደለም።

አሁን ደግሞ ማን ነበር የሚሳፈረው እንበል። ከተሳፋሪው ሦስት አራተኛው ጥቁር ነበር። ኪንግ በጻፈው መጽሐፍ ላይ እንዳለው በከተማዋ ከሚሠሩት ጥቁር ሴቶች 63 ከመቶ የሚሆኑት የቤት ሠራተኞች ናቸው። አስቡት፤ ከ10 ሴት 6ቱ ማለት ነው። የጥቁሮች መካከለኛ የዓመት ገቢ 970 ዶላር ሲሆን የነጮቹ 1,730 ዶላር ገደማ ነበር። አብዛኞቹ ሠራተኞች እንደኛ ከአሰሪ ቤት አያድሩም፤ ጠዋት ሄደው ማታ ይመለሳሉ። ጥቁር በአንድ ሰፈር፣ ነጭ በሌላ ሰፈር ስለሚኖር፣ መኪና ደግሞ ስለሌላቸው በቀን ሁለት ጊዜ በአውቶቡስ ከተማውን ማቋረጥ ግድ ነው። ስለዚህ የድርጅቱ ገቢ በአብዛኛው የሚመጣው ከነዚሁ ሴቶች ቦርሳ ነው። ገንዘባቸውን እየሰጡ የሚሰደቡ ደንበኞች ነበሩ፣ አጭሩ ይሄ ነው።

ነገሩን መጀመሪያ ያነሱት የተማሩ ሴቶች ናቸው። በ1946 የሴቶች የፖለቲካ ምክር ቤት የሚባል ማኅበር ተቋቁሞ ነበር። ጆ አን ሮቢንሰን የምትባል የኮሌጅ የእንግሊዝኛ መምህርት በ1949 ለገና በዓል ወደ ዘመዶቿ ልትሄድ አውቶቡስ ስትሳፈር፣ ባዶ ሊባል በሚችል አውቶቡስ ውስጥ ከፊት በኩል ስለተቀመጠች ሾፌሩ ሊመታት እጁን አነሳባት። እያለቀሰች ወረደች። ያቺ ሴት ያን ቀን አልረሳችውም። የማኅበሩ መሪ ከሆነች በኋላ በግንቦት 1954 ለከንቲባው ለዊሊያም ጌይል ደብዳቤ ጻፈች። ጥቁሮች ካልተሳፈሩ አውቶቡሶቹ ሊሠሩ አይችሉም፣ ሕዝቡም ላለመሳፈር እየተመካከረ ነው ብላ አስጠነቀቀች። ሮዛ ፓርክስ ከመታሰሯ ከአንድ ዓመት ተኩል በፊት መሆኑ ነው። ከንቲባው ከቁም ነገር አልቆጠሩትም።

በ1955 መጋቢት ላይ ክሎዴት ኮልቪን የምትባል የ15 ዓመት ተማሪ አልነሳም ብላ ታሰረች። በጥቅምት ደግሞ ሜሪ ሉዊዝ ስሚዝ፣ 18 ዓመቷ፣ እሷም አልነሳም ብላ ታሰረች። ሜሪ የሰው ቤት ነበር የምትሠራው። የእነዚህ የሁለቱ ስም ያኔ ብዙም አልተጮኸለትም። አንዷ ልጅ ናት፣ የሌላዋ ቤተሰብ ደሃ ነው፣ ጋዜጣው ስማቸውን ያጠፋዋል ተብሎ መሪዎቹ ፈሩ። እውነቱን ለመናገር ይሄ ቦታ ላይ ስደርስ ሁሌም ቅር ይለኛል። ግን ቆዩ፣ ሁለቱም በኋላ ይመለሳሉ።

ከዚያ ታኅሣሥ 1 ቀን 1955፣ ሐሙስ ማታ፣ ሮዛ ፓርክስ ከሥራ ወጣች። 42 ዓመቷ ነው፤ በአንድ ትልቅ መደብር ልብስ ታስተካክላለች። ሾፌሩን ሳታውቀው አይደለም። በ1943 ከፍላ ከገባች በኋላ "ወርደሽ በኋላ በር ግቢ" ብሎ ያስወረዳት ያው ሰው ነው። የዚያን ቀን አንድ ነጭ ቆሞ ስለቀረ በረድፏ ያሉትን አራት ጥቁሮች ተነሱ አላቸው። ሦስቱ ተነሱ፤ እሷ አልተነሳችም። ደክሟት ነው የሚባለው ተረት ነው፤ እሷ ራሷ በሕይወት ታሪኳ አስተባብላዋለች። ለዓመታት የጥቁሮች መብት ማኅበር ጸሐፊ ሆና የሠራች፣ የምታደርገውን የምታውቅ ሴት ናት።

ሮዛ መታሰሯን ሮቢንሰን በዚያው ሌሊት ሰማች። ኮሌጁ ውስጥ ገብታ ከአንድ የሥራ ባልደረባዋና ከሁለት ተማሪዎች ጋር እስኪነጋ በማባዣ ማሽን በአስር ሺዎች የሚቆጠር በራሪ ወረቀት አተመች። "ሰኞ ማንም አውቶቡስ እንዳይሳፈር" ነው መልእክቱ። ወረቀቱ በትምህርት ቤት፣ በቤተ ክርስቲያን፣ በፀጉር ቤት፣ በየሱቁ ተበተነ። እዚህ ላይ ነው አንዲት ስሟ የማይታወቅ የቤት ሠራተኛ ሳታስበው ታሪክ የሠራችው። ኪንግ እንደተረከው ይህች ሴት ማንበብ በደንብ ስለማትችል ወረቀቱን ወስዳ ለማዳሟ ሰጠቻት። ማዳም ደንግጣ ለጋዜጣ አቀበለች። ጋዜጣው ነጮችን ለማስጠንቀቅ ብሎ እሑድ በፊት ገጹ አወጣው። በቃ፣ ወረቀቱ ያልደረሰው ጥቁር ሁሉ ከጋዜጣው አነበበ። ከአድማው መሪዎች አንዱም አስቀድሞ ለአንድ ጋዜጠኛ ሹክ ብሎት ነበር ይባላል፤ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። እኔን ግን የሚያስቀኝ የማዳሟ ነው። እሳት ላጠፋ ብላ ጋዝ አርከፈከፈችበት።

ሰኞ ታኅሣሥ 5 ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ኪንግና ባለቤቱ ኮረታ በመስኮት ሆነው መንገዱን ይጠብቃሉ። ቤታቸው ፊት የሚያልፈው የደቡብ ጃክሰን መስመር በከተማው ብዙ ጥቁር የሚጭነው ነው፤ የጠዋቱ የመጀመሪያ አውቶቡስ ሁሌም ወደ ሥራ በሚሄዱ የቤት ሠራተኞች ጢም ይላል። እነሱ ከመቶ ስድሳው እንኳ ቢቀር ትልቅ ነገር ነው ብለው ነበር የሚጠብቁት። ኮረታ ጮኸች። አውቶቡሱ መብራቱን አብርቶ ባዶውን አለፈ። ሁለተኛውም ባዶ፤ ሦስተኛው ላይ ሁለት ነጮች ብቻ። ሴቶቹ በእግራቸው እየሄዱ ነበር። አንዳንዱ ሰው በዚያ ቀን በበቅሎ ሄዷል፣ በጋሪ የሄደም አለ። ፖሊስ ደግሞ ጥቁሮችን እንዳይሳፈሩ የሚያስፈራሩ ወሮበሎች አሉ ብሎ አውቶቡሶቹን በሞተር ብስክሌት ያጅብ ጀመር፤ ሊሳፈር ያመነታ ሰው ካለም ፖሊሱን ሲያይ ፈርቶ ተመለሰ!

በዚያው ማታ በሆልት ስትሪት ቤተ ክርስቲያን ሕዝቡ ከአዳራሹ ተርፎ መንገድ ላይ ቆመ። የ26 ዓመቱ ኪንግ ለከተማው እንግዳ ነበር፤ መሪ ተደርጎ የተመረጠው በዚያ ቀን ነው። አድማው እንዲቀጥል ተወሰነ። የጠየቁትን ስትሰሙ ትገረማላችሁ። ሾፌሮች በአክብሮት ያናግሩን፣ ጥቁር ከኋላ ነጭ ከፊት ጀምሮ ቀድሞ የገባ ይቀመጥ፣ ጥቁር በሚበዛባቸው መስመሮች ጥቁር ሾፌር ይቀጠር፤ ይኸው ነው። መለያየቱ ጨርሶ ይቅር እንኳ አላሉም። ድርጅቱና ከተማው ይሄንንም እምቢ አሉ። እምቢታቸው ነው ነገሩን ያሳደገው።

አሁን ጥያቄው እንዴት ሥራ ይደረሳል ነው። መጀመሪያ ጥቁር ባለታክሲዎች በአውቶቡሱ ዋጋ በ10 ሳንቲም ይጭኑ ጀመር። ከተማው ከ45 ሳንቲም በታች ማስከፈል ክልክል ነው የሚል ሕግ መዘዘ። ከዚያ በሉዊዚያና ባቶን ሩዥ የምትባል ከተማ በ1953 ተመሳሳይ አድማ ስላደረገች የዚያን ልምድ ጠየቁና በግል መኪና ማመላለስ ተጀመረ። 300 ያህል መኪና ተሰባሰበ። በሳምንት ጊዜ ውስጥ ጠዋት ሰው የሚጫንባቸው 48 ቦታዎች፣ ማታ ከሥራ የሚመለሰው የሚጠብቅባቸው 42 ቦታዎች ተለዩ። የማታዎቹ ብዙዎቹ በነጮቹ ሰፈር ናቸው፤ ለምን ቢባል ተሳፋሪዎቹ ከየማዳሙ ቤት የሚወጡ ናቸዋ። ኋላ ላይ አብያተ ክርስቲያናት ስቴሽን ዋገን መኪና ገዙ፤ የቤተ ክርስቲያኑ ስም በጎኑ ተጽፎበት ይዞራል። ከተማው የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ውላቸውን እንዲሰርዙ ሲያደርግ ኢንሹራንሱ በአትላንታ ወኪል በኩል ከለንደን መጣ።

ቢሆንም መኪናው ለሁሉም አይበቃም። ብዙዎች በእግር ነው የሄዱት። ቀኑን ሙሉ ወለል ሲፈትጉ፣ ልብስ ሲተኩሱ ውለው በሌሊት በእግር ወደ ቤት መመለስ ምን ማለት እንደሆነ ለናንተ አልነግራችሁም። እማማ ፖላርድ የሚባሉ አንዲት አሮጊት ነበሩ። ደክሞዎታል፣ እርስዎ እንኳ በአውቶቡስ ይሂዱ ቢሏቸው እግራቸው ቢዝልም ነፍሳቸው ማረፏን ተናገሩ። ይህ ንግግራቸው እስከ ዛሬ ይጠቀሳል።

አሁን ወደ ማዳሞቹ ልምጣ፤ እኔ ከታሪኩ ሁሉ የምወደው ይሄንን ክፍል ነው። ነጭ የቤት እመቤቶች አጣብቂኝ ውስጥ ገቡ። ባሎቻቸው አድማውን ይጠላሉ፤ እነሱ ደግሞ ሠራተኛዋ ካልመጣች ቁርሱን ማን ይሠራል፣ ልጁን ማን ይይዛል? ብዙዎቹ መኪናቸውን አስነስተው ራሳቸው ሠራተኞቻቸውን ያመላልሱ ጀመር። አንዳንዷ ከልቧ ደግፋ ነው፤ አብዛኛዋ ግን ድስቱ እንዳይቃጠል ብላ ነው። በጥር 1956 ከንቲባ ጌይል ተናደዱ፤ አድማውን በሕይወት ያቆየችው ሠራተኛዋን በመኪና የምታመላልስ ነጭ ሴት ናት፣ ይህን አቁሙ አሉ። የሴቶቹ መልስ ምን ነበር መሰላችሁ? ቨርጂኒያ ደር የምትባል የአድማው ደጋፊ ነጭ ሴት እንዳወራችው፣ ከንቲባው መጥተው ልብሴን የሚያጥቡልኝ፣ ምግቤን የሚያበስሉልኝ ከሆነ ይምጡ ነው ያሉት። ማመላለሱ ቀጠለ።

ቨርጂኒያ ደር ሌላም ነገር ትናገራለች። የባሏ እናት ሠራተኛቸውን ስለ አድማው ይጠይቋታል። ሠራተኛዋ ፈጠን ብላ፣ እኔም ሆንኩ ቤተሰቤ ከአድማው ጋር ምንም ግንኙነት የለንም፣ ረብሻው እስኪበርድ ብለን ብቻ ከአውቶቡስ ራቅን አለች። አሮጊቷ አምነው ተደሰቱ። በኋላ ለብቻቸው ሲሆኑ ነው የውስጧን ለቨርጂኒያ የነገረቻት። ሆድ ይፍጀው ማለት ይሄ ነው። ስንቷ ሴት በዚያ ክረምት ወጥ እያማሰለች "እኔ እንጃ እመቤቴ" እያለች፣ ማታ ማታ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ እንደዘመረች ቁጥሩን የያዘ የለም። የፊስክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ1956 መጀመሪያ ወደ ከተማዋ ሄደው የቤት ሠራተኞችን በየመኪና መጠበቂያው እያነጋገሩ የሚሉትን ጽፈዋል። ማዳሞቹንም ለየብቻ አነጋግረዋል። ያ ባይሆን ኖሮ ይሄ ሁሉ ወሬ ከሴቶቹ ጋር መቃብር ይወርድ ነበር።

ብር ከየት መጣ? ለቤንዚን፣ ለጎማ፣ ለሾፌር ብዙ ገንዘብ ይፈልጋል። ከውጭ የተላከ አለ። ከከተማዋ ውስጥ የተገኘውን ግን ካነሳን ጆርጂያ ጊልሞርን ማንሳት ግድ ነው። የ6 ልጆች እናት ናት፤ በአንድ ምግብ ቤት ታበስላለች፤ ወፈር ያለች፣ ነገር የማትፈራ ሴት ነበረች። በጥቅምት 1955፣ ገና አድማው ሳይጀመር፣ 10 ሳንቲሟን ከፍላ ሾፌሩ "ወርደሽ በኋላ ግቢ" ብሏት ስትወርድ ጥሏት ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብቻዋን አውቶቡስ ማቆሟን ፍርድ ቤት ቀርባ ተናግራለች። አድማው ሲመጣ ጓደኞቿን፣ ምግብ አብሳዮችንና የቤት ሠራተኞችን ሰበሰበችና ያላቸውን አዋጥተው ዶሮ ገዙ። የተጠበሰ ዶሮ በዳቦ፣ ኬክ፣ የስኳር ድንች ፓይ እየሠሩ በስብሰባው ላይ፣ በየፀጉር ቤቱ፣ በየታክሲ ማቆሚያው ሸጡ። ነጮችም ገዝተዋል፤ አንዳንዱ ገንዘቡ የት እንደሚሄድ ሳያውቅ፣ አንዳንዱ እያወቀ።

ማኅበሩን "ከየትም ያልመጣ ክለብ" አሉት። ስሙ ቀልድ ይመስላል እንጂ ጥበብ ነው። ከአባላቱ አንዷ ገንዘብ ስትሰጥ ብትታይ ማዳሟ በማግሥቱ ታባርራታለች። ስለዚህ ማን አበሰለ፣ ማን ሸጠ፣ ማን ገዛ የምታውቀው ጆርጂያ ብቻ ናት። በስብሰባው ቀን ቆማ ገንዘቡን ታስረክባለች። ከየት መጣ? ከየትም። ሕዝቡ በጭብጨባ ይነሳል። ከከተማው በሌላ በኩል ደግሞ ሌላ የሴቶች ክለብ ተቋቁሞ በየሳምንቱ ማን የበለጠ ሰበሰበ እያሉ ይፎካከሩ ነበር። እኛ ዕቁብ ስንጥል፣ ለታመመች እህት ስናዋጣ ስሟን ደብቀን የምንሰጠውን አስታወሰኝ። በመጋቢት 1956 ኪንግ ተከሶ ሲቀርብ ጆርጂያ መስክራ ስለ ሾፌሩ በድፍረት ተናገረች። ከሥራዋ ተባረረች። ያኔ ኪንግ በገዛ ቤትሽ አብስለሽ ሽጪ ብሎ አበረታታት፤ ለዕቃ መግዣም ረዳት። ከዚያ በኋላ ቤቷ ምግብ ቤት ሆነ፤ የአድማው መሪዎች ምሳ እየበሉ ምስጢር የሚመካከሩት እዚያ ነበር።

ዋጋ ያልከፈለ የለም። በጥር መጨረሻ የኪንግ ቤት በቦንብ ተመታ፣ ሚስቱና ሕፃን ልጁ ቤት ውስጥ ነበሩ፤ ለጥቂት ተረፉ። በየካቲት በ1921 የወጣ የፀረ አድማ ሕግ ተጠቅሶ ወደ 90 የሚሆኑ ሰዎች ተከሰሱ። ሮዛ ፓርክስ አሻራ ስትሰጥ የሚያሳየው ዝነኛው ፎቶ የመጀመሪያው እስሯ ሳይሆን የዚህኛው ነው። እሷም ባሏም ሥራቸውን አጥተዋል።

ጉዳዩን የቋጨው ግን ሌላ ክስ ነው። የካቲት 1 ቀን 1956 ጠበቃ ፍሬድ ግሬይ በአምስት ሴቶች ስም ለፌዴራል ፍርድ ቤት ክስ አስገባ። ኦሬሊያ ብራውደር፣ ሱዚ ማክዶናልድ፣ እና ቅድም ይመለሳሉ ያልኳችሁ ክሎዴት ኮልቪንና ሜሪ ሉዊዝ ስሚዝ። አምስተኛዋ በማግሥቱ ስሟን አወጣች። ይህች ሴት በአንድ ከፍተኛ የፖሊስ ባለሥልጣን ቤት ነበር የምትሠራው። በጊዜው ሰዉ ወቀሳት፤ ጠበቃውንም ያለ ፈቃድ ስሟን አስገባህ ብለው ሊከሱበት ሞከሩ። እኔ ልፈርድባት አልችልም። አሰሪሽ የፖሊስ አለቃ ሆኖ፣ እንጀራሽም እስር ቤትሽም በአንድ ሰው እጅ ሲሆን ምን ታደርጊያለሽ? የቀሩት አራቱ ግን ጸኑ። በሰኔ 5 ሦስት ዳኞች 2 ለ1 በሆነ ድምፅ መለያየቱ ሕገ መንግሥቱን ይጥሳል አሉ። ከተማው ይግባኝ ጠየቀ። ኅዳር 13 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸናው። ዜናው የደረሰው ኪንግ በሌላ ችሎት ተቀምጦ ከተማው በመኪና ማመላለሱን ሊያሳግድ ሲከራከር ነው። መኪናው ታገደ፤ በዚያው ቀን ግን አውቶቡሱ ተከፈተ። የፍርዱ ወረቀት እስኪደርስ አንድ ወር ገደማ ፈጀ፤ ያንን ወር ያለ መኪናም በእግራቸው ጨረሱት።

ታኅሣሥ 21 ቀን 1956፣ ከ381 ቀን በኋላ፣ ተመልሰው ተሳፈሩ። ኪንግ ከፊት ገብቶ ሲከፍል ዋጋው 15 ሳንቲም ሆኗል፤ ድርጅቱ ሲከስር ጊዜ 5 ሳንቲም ጨምሮ ነበር። ከሳምንት በኋላ በአውቶቡሶች ላይ ተኩስ ተከፈተ፤ አንዲት ነፍሰ ጡር ሴት እግሯን ተመታች። በጥር 1957 አራት አብያተ ክርስቲያናት በቦንብ ተመቱ። ከዚያ እየቀዘቀዘ ሄደ።

እንግዲህ ሴቶቹ ወንበሩን አገኙ። ወርደው የሚገቡበት ቤት ግን ያው ነበር። አሜሪካ በ1938 ያወጣችው የዝቅተኛ ደሞዝ ሕግ የቤት ሠራተኛን አልጨመረም ነበር፤ የጨመራት በ1974 ነው። ያ ማለት ከአድማው በኋላም 17 ዓመት ያህል የደሞዛቸው ልክ በማዳሟ አፍ ላይ ነበር። ሊባኖስ ያላችሁ ይሄ አይገርማችሁም፤ የ1946ቱ የሊባኖስ የሥራ ሕግ በአንቀጽ 7 የቤት ሠራተኛን ለይቶ አስወጥቷታል። የአውቶቡስ ደንብ በፍርድ ቤት ይሻራል፤ የማእድ ቤቱን ነገር ማን ይዞ ፍርድ ቤት ይሄዳል? በሞንትጎመሪ ያኔ የያዘው አልነበረም።

ሮዛ ፓርክስ የተሳፈረችበት አውቶቡስ ቁጥሩ 2857 ነው። ከአገልግሎት ከወጣ በኋላ 30 ዓመት ያህል አላባማ ውስጥ ሜዳ ላይ ቆሞ የዕቃ ማስቀመጫ ሆኖ ነበር። በ2001 በጨረታ በ492 ሺህ ዶላር ተሽጦ አሁን ሚሺጋን ውስጥ በሄንሪ ፎርድ ሙዚየም አለ፤ ጎብኚ ገብቶ ወንበሩ ላይ ይቀመጥበታል።

ጆርጂያ ጊልሞር እስከ መጨረሻዋ ከምድጃ አልራቀችም። የሞተችው በ1990፣ ከሴልማ እስከ ሞንትጎመሪ የተደረገው የመብት ሰልፍ 25ኛ ዓመት በሚከበርበት ጊዜ ነው። በዚያ ጠዋት ለሰልፈኞቹ ዶሮና ማካሮኒ በቺዝ እያዘጋጀች ነበር። ለቅሶ የመጡት ሰዎች የቀረበላቸው እሷው የሠራችው ምግብ ነው።